ባሕር ሄደ የተባለው

አውቶቡሱ ዓርብ ጠዋት ከሱዳኗ ከተማ ከባሕሪ ሲነሣ ሃያ ሦስት ሰው ጭኖ ነበር። ሲመለስ ሃያ ሁለት አወረደ።

የጎደለው አንተነህ ነው።

የሄዱት ሸንዲን ሊጎበኙ ነበር። ቱሪስት ወደ ፒራሚዶቹ ሲከንፍ በመስኮት አይቷት የሚያልፍ የጥንት የገበያ ከተማ ናት። ድሮ ሀበሻ በባርነት ይሸጥባት ነበርና የስደተኞቹ ማኅበር ቦታውን እንይ ብሎ ተነሣ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጸጋዬ እንዳወራው፣ አንተነህ «ወደ ባሕር እሄዳለሁ» ብሎት ከገበያው ተለየ። ለስደተኛ ባሕር ማለት ሊቢያ ነው፣ ሊቢያም ጀልባ። ሰዉ ወዲያው ፈረደ፤ ሚስቱን ጥሎ ኮበለለ።

ሰኞ፣ ጉዞው ላይ ያልነበረችው ሚስቱ ወለላ ጋሽ ወልደሥላሴ ዘንድ ሄደች። ሰውዬው አዲስ አበባ ሳሉ የፖሊስ መርማሪ ነበሩ፤ አሁን ባሕሪ ውስጥ ፍሪጅ ይጠግናሉ።

«ጋሼ፣ ሞቶም ከሆነ ልወቀው፣ ትቶኝም ከሆነ ልወቀው» አለች። «ስልኩ ዝግ ነው። ሰው መሳቂያ አደረገኝ።»

መፍቻቸውን አስቀመጡ። «ከጸጋዬ ሌላ የሰማ አለ?»

«አብራቸው የተጓዘችው ሉሊት ሰምታለች።»

ሉሊት እዚያው ሱዳን፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ተወልዳ ያደገች ፀጉር ሠሪ ናት። አማርኛዋ ያነክሳል።

«ወላሂ ሰምቻለሁ» አለቻቸው። «ባሕር እሄዳለሁ አለ። ለጸጋዬም የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«በአማርኛ ነው ያለሽ?»

«ላ! እኔን በዓረቢ ነው የሚያወራኝ። ‹ማሺ አል-ባሐር› አለኝ።»

ወልደሥላሴ ጭንቅላታቸውን ያዙ። ሱዳኖች ባሕር የሚሉት ዓባይን ነው። ሰውዬው በዚያ ሙቀት ፊቱን ሊታጠብ ወንዝ ወርዶ ኖሯል። ጸጋዬ ቃሉን ከሉሊት ተቀብሎ ሊቢያ ድረስ ጎተተው።

ጸጋዬን ቤቱ አገኙት።

«ለኬላ ፍተሻ የሁሉንም የስደተኛ ካርድ የሰበሰብከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ መለስክላቸው?»

«ባሕሪ ስንገባ። በመልስም ፍተሻ አለ።»

«የአንተነህስ ካርድ?»

ጸጋዬ ላቡን ጠረገ። «ለእሱ... እዚያው ሸንዲ ሰጠሁት።»

«እንደሚኮበልል ነግሮህ፣ ካርዱን አሲዘህ ሸኘኸው? ያኔውኑ ለማንም ሳትናገር?»

የጸጋዬ ዓይን ወደ ፍራሹ ሄደ።

«እኔ ልፈትሽህ አልችልም። ቡሊስ ልጥራ?»

ጸጋዬ ጎንበስ ብሎ ካርዱን ከፍራሹ ሥር አወጣ።

«ሰውዬው የት ነው?»

«ሸንዲ ታስሯል። ወንዙ ዳር ከሻ ነበር፤ ወረቀት ያልያዘውን ሁሉ አፈሱ። ቡሊሱ አውቶቡሱ ድረስ አምጥቶት ‹ታውቀዋለህ?› አለኝ። ሌሎቹ ገበያ ነበሩ። አላውቀውም አልኩ።»

«ምን በደለህ?»

«እሱ ያውቀኛል» አለ ጸጋዬ። «ጠዋት ካርድ ስሰበስብ፣ ስም ስጠራ ድምፄን ለየው። አገር ቤት ሲታሰር ጠባቂው ነበርኩ፤ ዓይኑ ተሸፍኖ ስሙን የምጠራው እኔ ነበርኩ። እዚህ ደግሞ እስረኛ ነበርኩ ብዬ ነው የስደተኛ ፋይል የከፈትኩት። አንድ ቃል ቢተነፍስ አለቀልኝ።»

ወልደሥላሴ በሥራ ዘመናቸው ብዙ ውሸታም አይተዋል። ይሄኛው አስጠላቸው። ካርዱን ተቀብለው ወጡ።

በማግስቱ ወለላ ካርዱን ይዛ ሸንዲ ገባች። አንተነህን አወጡላት። ከስቷል፤ ሸሚዙ ደረቱ ላይ ደርቋል።

«አራት ቀን ሙሉ ዝም ስትይ፣» አላት፣ «ትተሽኝ መስሎኝ ነበር።»

«ያላ፣ እንሂድ» አለችው። እሷም ያንኑ ስታስብ እንደሰነበተች ግን አልነገረችውም።