የአውቶቡስ ጋራዡ ጎረቤት

ከተማዋ ሰው በዝቶባት ቤት ጠፍቶባት ነበር። አዲስ ተጋቢዎች የወላጆቻቸውን ሳሎን በመጋረጃ ከፍለው ይኖራሉ፤ ተከራዩ በየዓመቱ ወደ ዳር ይገፋል። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ብዙ ቤተሰብ የሚይዙ ፎቆች ለመሥራት ወሰነና፣ ቦታውን አጥንታ እንድታቀርብ ለአንዲት ወጣት የከተማ ፕላን ባለሙያ ሥራውን ሰጣት። ባልደረቦቿ «ሜትር» ይሏታል፤ የብረት ሜትሯ ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅማ።

ለምርጫ የቀረቡት ቦታዎች ሦስት ነበሩ። ከከተማ ውጭ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው፤ ግን ውሃም መንገድም አልደረሰውም። የወንዙ ዳር መሬት ዝናብ ሲጥል ሐይቅ ይሆናል። የቀረው መሀል ከተማ ያለ፣ ሥራ ያቆመ የአውቶቡስ ጋራዥ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ገበያውም በእግር ይደረሳል። የሜትር ልብ ወደ ጋራዡ አደላ።

አንድ ረፋድ ላይ ከጋራዡ ጀርባ ያለውን መንገድ ስትለካ፣ ጫፉን በድንጋይ አስይዛ የዘረጋችው ሜትር አምልጦ እየተጠቀለለ ተመለሰባት። ደግማ ዘረጋችው፤ ደግሞ አመለጣት። ከትንሽዬ ልብስ ስፌት ቤት በር ላይ አንድ ወጣት፣ የጨርቅ ሜትር አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ቆሞ ያያታል።

«ወንድም፣ ከምትስቅብኝ ጫፉን ብትይዝልኝ ምን አለበት?»

«ኧረ አልሳቅኩም» አለ ልብስ ሰፊው እየሳቀ፤ መጥቶም ያዘላት። «ያንቺ ሥራ ከኔ ይከብዳል። የኔ ደንበኛ ሲለካ ሆዱን ይሰበስብልኛል። መንገድ ግን ፈቀቅ በል ቢሉት አይሰማም።»

ቁጥሩን ለመጻፍ ጎንበስ አለች። ፈገግታዋን የደበቀች መስሏት ነበር።

በማግስቱ ተመልሳ መጣች።

«መንገዱ በአንድ ሌሊት ጠበበ እንዴ?» አላት።

«ለካሁ ብዬ አልተውም። አረጋግጣለሁ።»

«እንግዲያው በየቀኑ ይረጋገጥ።»

ከዚያ በኋላ ወደዚያ ሰፈር የሚወስዳት ጉዳይ በዛ። የካውያው እንፋሎት መስታወቱን በሚያደበዝዝበት ጠባብ ክፍል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ከሞላበት ቅርጫት አጠገብ ትቀመጥና ያወራሉ። ቢሮ ስትመለስ እጅጌዋ ላይ ሁልጊዜ የክር ብጣሽ አይጠፋም።

«እህቴ ከነባሏና ከነልጆቿ ከተማው ዳር ነው የምትከራየው» አላት አንድ ቀን። «ልጆቿ ሳይነቁ ትወጣለች፤ ከተኙ በኋላ ትገባለች። እዚህ ጋራዡ ላይ ቤት ቢሠራ…»

ቀሪውን ትቶ ስፌቱን ቀጠለ። እሷም ጥናቱ ገና ስላላለቀ ስለ ሥራዋ ምንም ማለት አልቻለችምና ዝም አለች። ከሰው ጋር ዝም ማለት ሳይከብዳት ሲቀር ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጥናቷ ሲያልቅ የሰፈሩ ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ሜትር ካርታውን ሰቅላ ጋራዡን ለምን እንደመረጠች አስረዳች። ስትጨርስ ከፊተኛው ረድፍ አንዲት እናት ተነሡ። በጋራዡ አጥር ሥር ባለው ግቢያቸው የሆቴሎችን አንሶላ እያጠቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ፣ ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ፎቁን ጠልቼው አይደለም። ግን እኔ ያለ ፀሐይ እንጀራ የለኝም። ይኼ ግንብ ሲገተር ፀሐዬ የት ትሄዳለች?»

አዳራሹ ሳቀ። ሜትር አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ይህን አላሰብኩበትም። መጥቼ አየዋለሁ።»

ቀና ስትል ከእትዬ ጎን የተቀመጠውን ሰው አየች፤ ልብስ ሰፊው ነው። እትዬ ደግሞ ሁለቱ እንዴት እንደተያዩ አዩ። እናቱ አይደሉ፣ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ደጅ ላይ ጠብቀው ያዟት።

«ለካ የልጄን ደጅ ስትመላለሺበት የከረምሽው ለዚህ ኖሯል? በሱ በኩል ገብተሽ የግቢዬን ፀሐይ ልትወስጂ?»

«እማዬ…»

«አንተ ዝም በል። የመርፌ ቀዳዳ አይስትህም፤ ፊትህ ቆሞ የሚያታልልህን ሰው ግን አታይም።»

ልብስ ሰፊው ወደ ሜትር ዞረ። «ግቢው የእናቴ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

እናትየው ቢጠረጥሯት አልገረማትም። የሱ መጠየቅ ግን አንገበገባት። «አንተም?» አለችና ሄደች።

ቢሮ ደግሞ ሌላ ወሬ ጠበቃት፦ «ሜትር ጋራዡን የመረጠችው ለፍቅረኛዋ እህት ቤት ለማስገኘት ነው።» እዚያ ቤተሰቡን ልትጎዳ ነው ይሏታል፤ እዚህ ልትጠቅም ነው። ባይከፋት ኖሮ በሳቀች።

አለቃዋ ጠርተው መከሯት። «ይህ ሥራ ስምሽን የሚያስጠራ ነው። ልጁን አላውቀውም በይ፤ በአንድ ቃል ያልቃል።»

እስከ ቀጣዩ ስብሰባ እንዲታገሷት ለመነች። ሥራውን ትወደዋለች። ግን «አላውቀውም» የሚለውን ቃል አፏ ላይ ልታመጣው ብትሞክር እንቢ አላት። ስፌት ቤቱ ደጅ ድረስ ሄዳም ሳትገባ ተመለሰች። ልብስ ሰፊውም በዚያ ሰሞን እጁ አልሠራ ብሎት፣ የአንዱን ደንበኛ ሱሪ እግር ለሌላው ቆርጦ ሁለቱንም አስቆጣ።

በሁለተኛው ስብሰባ አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሜትር ያለ ካርታ ቆመች።

«ከዛሬ ጀምሮ ይህን ጥናት ሌላ ባለሙያ ይይዘዋል» አለች። «ጋራዡን የመረጥኩት ከሁሉ ስለሚሻል ነው፤ የፈለገ ይመርምረው። እኔ ግን ከጋራዡ አጠገብ የሚኖር አንድ ሰው እወዳለሁ። እየወደድኩ ፍርድ ልስጥ ብል ማንም አያምነኝም። ሰውየውን አላውቀውም ማለት ደግሞ አልችልም።»

እትዬ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጄ፣ ይህን ለሱ ነግረሽዋል?»

«ኧረ… ገና ነኝ።»

የሰዉ ሳቅ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከኋላ በር አጠገብ ልብስ ሰፊው እስከ ጆሮው ቀልቶ ቆሟል።

«አሁን ሰምቻለሁ» አለ። «ያን ቀን የጠየቅኩሽ ጥያቄ ግን የሞኝ ጥያቄ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ከዚያ ምን እንደመለሰችለት የሰማ የለም፤ ዓይኗን ግን ሁሉም አየ።

ጥናቱን የተረከቡት አንጋፋ መሐንዲስ ሦስቱንም ቦታዎች እንደ አዲስ ዞረው አዩና እሳቸውም ጋራዡን መረጡ። የእትዬንም ጥያቄ አልዘነጉም፤ ረጅሙን ሕንፃ ወደ ዋናው መንገድ ገፍተው፣ በግቢያቸው በኩል ፀሐይ የማይከልለውን፣ ዝቅ ያለውን አደረጉ። ውሳኔው በተነገረ ማግስት እትዬ ሜትር ቢሮ ድረስ መጡ።

«ክፉ ቃል ተናግሬሻለሁ» አሏት ሳይቀመጡ። «እሑድ ቤት ነይ። አንቺ የቀረሽ ሰሞን የልጄ ስፌት ሁሉ ጠማማ ሆኖ ነበር።»

ሕንፃው ተሠርቶ እስኪያልቅ ሜትርና ልብስ ሰፊው የሰፈሩ መነጋገሪያ ሆነው ከረሙ። እህትየው በዕጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳት። የመግቢያዋ ዕለት ቤተ ዘመድ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃውን ተያያዘው። ልብስ ሰፊው ከላይ፣ ሜትርና የእህትየው ባል ከታች የያዙት ቁምሳጥን ግን መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወደ ላይም ወደ ታችም አልንቀሳቀስ ብሎ ተሰነቀረ።

«ትሰሚኛለሽ?» አለ ልብስ ሰፊው ከቁምሳጥኑ ወዲያ። አይተያዩም።

«እሰማሃለሁ።»

«ፊትሽን ሳይ ቃሉ እየጠፋብኝ ስንት ጊዜ ተውኩት። አሁን ስለማላይሽ ልናገረው። ታገቢኛለሽ?»

የእህትየው ባል ጉሮሮውን ጠርጎ ግድግዳ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ደረጃው ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቀና።

«ልጄ፣ መልሺለት እንጂ» አሉ እትዬ ከአንደኛው ፎቅ። «ከታች ያለነው ፍራሽ ተሸክመናል።»

«እሺ» አለች ሜትር፤ ድምፅዋ ሳቅም ልቅሶም ሆኖ ወጣ። «እሺ ብያለሁ። ግን መጀመሪያ በግራ በኩል ከፍ አድርገው።»

ከፍ አደረገው። ቁምሳጥኑ ግድግዳውን ፋቅ አድርጎ ዞረ፤ በተከፈተው ክፍተትም ላብ ያጠመቀው ፊቱ ብቅ አለ።