ሚስማር ላይ የተሰቀለው መነጽር

የመኪና ጎማ በአራት ወይም በአምስት ብሎን እንደሚታሰር መኪና የሌለው ሰውም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከእነዚህ ብሎኖች አንዷ አንዳንዴ ከእህቶቿ የተለየች መሆኗን ነው። ጭንቅላቷ እንደ ሌሎቹ ባለ ስድስት ማዕዘን ሳይሆን እንደ አበባ ተጠማዞ የተቀረጸ ነው፤ የምትፈታውም ለእሷ ብቻ በተሠራ ቁልፍ ነው። ሌባ ጎማውን ፈትቶ እንዳይሄድ ተብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ታዲያ ባለመኪናው ቁልፉን ይጥለዋል፤ ወይም አጣሞ አስገብቶ ይሰብረዋል፤ ከዚያ ጎማው ሲተነፍስ ሌባው ቤቱ ለጥ ብሎ ተኝቶ፣ ባለቤቱ መንገድ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ያን ጊዜ ወደ እኛ ይመጣል።

እኛ ማለት አባዬና እኔ ነን። ጎሚስታ ቤታችን የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ የሚያስነጥስ ኮምፕሬሰር፣ የጎማ መፈተሻ የውሃ ገንዳ፣ ግድግዳ ሙሉ ቁልፍና መፍቻ አላት። እኔ የተበሳ ጎማ ገንዳው ውስጥ ነክሬ አረፋ እፈልጋለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ ነፋስ እሞላለሁ፣ ደንበኛ እየተቆጣ ሲመጣ ደግሞ መልስ እሰጣለሁ። በዚህ በመጨረሻው ሥራ ከአባዬ እበልጣለሁ ይባላል።

አባዬን ሰፈሩ «ፈልቃቂው» ነው የሚለው። የዛገም ይሁን ጭንቅላቱ የተበላ፣ እጁ ላይ ሳይወልቅ የቀረ ብሎን የለም። አቤት ሲኮራበት! «እኔ ያልፈታሁት ብሎን ገና ፋብሪካ ውስጥ ነው ያለው» ይላል።

ፊት ለፊታችን ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቱ የአባዬ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ምላሱ ከመሣሪያው ስለሚብስ «ምላጭ» ነው የሚባለው። ደንበኛ ከሌለው፣ ማለትም አብዛኛውን ቀን፣ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ መንገደኛውን አንድ በአንድ ይላጫል። እሱ አንድ ነገር ሳይልበት አዲስ ጫማ አድርጎ በእኛ መንገድ ያለፈ ሰው አላየሁም።

አክስቴ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ የምትሠራው ብረታ ብረት ፋብሪካ ነው። አንድ ቀን ለአባዬ የሥራ መነጽር ይዛለት መጣች። ወፍራም፣ ጎንና ጎኑ የተከደነ፣ ከኋላ በላስቲክ የሚታሰር ነው።

«እኛ ጋ ያለዚህ ማሽን አያስነሱህም» አለችው። «አንተ ቀኑን ሙሉ ብረት በብረት ስትቀጠቅጥ ትውላለህ። ዓይን መለዋወጫ የለውም፣ ወንድሜ።»

አባዬ አደረገው። ደስም ብሎት ነበር፤ በቆመ መኪና መስኮት ራሱን ሰረቅ አድርጎ ሲያይ ይዤዋለሁ። ወዲያው ምላጭ ከወንበሩ ተነሣ።

«ኧረ ሰዎች፣ ኑ እዩ! ጠላቂ መጥቷል! ከየትኛው ባሕር ነው የወጣኸው? ዓሣስ አልያዝክም?»

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ የታክሲ ሾፌሮች በመስኮት ብቅ እያሉ «ጠላቂው፣ ውሃው ይቀዘቅዛል?» ማለት ጀመሩ። ሳምንት ሳይሞላ መነጽሩ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። አክስቴ ስትመጣ ይወርዳል፤ ስትሄድ ይሰቀላል። አቧራ ለበሰ። ሸረሪት አንዱን መስታወት ከሌላው ጋር በድር አያያዘችው።

«ለምንድነው የማታደርገው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ያልበኛል። ደግሞ እጄ ሥራውን ያውቃል። ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ ምን ሆንኩ?»

ይህችን «ምን ሆንኩ» ልብ በሉልኝ። እስከ ዛሬ ምንም ስላልሆነ ነገም የማይሆን የሚመስለው ሰው ስንት ነው!

አንድ ጠዋት አንዲት መኪና አንድ እግሯ እንደታመመ ዶሮ እያነከሰች መጣች። ባለቤቱ ከረባት ያሰረ፣ ስልኩን ከጆሮው የማያወርድ ሰውዬ ነው። ጎማው ፈጽሞ ተንፍሷል። ሌሎቹን ብሎኖች አባዬ በአፍታ ፈታቸው። ያቺ የተለየችዋ ግን ቀረች። ሰውየው ያቀበለን ቁልፍ መሐሉ የተሰነጠቀ ነው። ከእኛ በፊት ደግሞ ሌላ ሰው ብሎኗን ቀጥቅጧት ኖሮ፣ ጭንቅላቷ ውሻ ሲያላምጠው የዋለ አጥንት መስሏል።

«ስብሰባ አለብኝ» አለ ሰውየው። «እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። እዚህ ጋ ፈልቃቂው የሚሉት አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«አባዬ» አልኩ፣ «ታች ጋራዡ ጋ ሮጥ ብዬ ነካሹን ልዋስ?»

ነካሹ ውስጡ የተጠማዘዘ ጥርስ ያለው፣ ብሎን ላይ የሚደፋ ቡሶላ ነው። የተበላሸች ብሎን ጭንቅላት ላይ በመዶሻ ያስገቡታል፤ ከዚያ ወደ መፍቻው በኩል ባዞሩት ቁጥር ይበልጥ እየነከሰ ይዟት ይወጣል።

«ፈልቃቂው ደግሞ መዋስ ጀመረ እንዴ?» አለ ምላጭ ከማዶ። ጆሮው አያመልጠውም።

አባዬ ለእኔ የሚሰጠኝን መልስ ከእሱ አፍ ተቀበለ። «ተዪው፣ በመሮ እጨርሳታለሁ።»

«እሺ ዘይት እናፍስባትና ትንሽ ትጠጣ።»

«ሰውየው ቸኩሏል አይደል? አልሰማሽም?»

እንዲህ ያለች ብሎን ሌባ እንዳይቆርጣት ተብላ በጣም ደርቃ ነው የምትሠራው። የደረቀ ብረት ሲመታ አይታጠፍም፤ ይፈናጠራል። አባዬ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። የነገረኝም እሱ ነው።

መነጽሩን ከሚስማሩ አወረድኩ። የሸረሪቷን ድር በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ ዘረጋሁለት። እጁን ሰደድ አደረገ፤ ሊቀበለኝ ነበር።

«ኧረ ጠላቂው ሊገባ ነው!» ብሎ ጮኸ ምላጭ። «ልብሱን የሚይዝለት ሰው!»

ፀጉር ቤቱ በር ላይ የቆሙት ፈነዱ። ባለመኪናውም ስልኩን እንደያዘ ፈገግ አለ። አባዬም አብሯቸው ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር። እጄን ቀስ አድርጎ መለሰው።

«ስቀዪው።»

መሮውን የብሎኗ ጠርዝ ላይ አስደግፎ መታ። አንሸራተተው። ደግሞ መታ። ከዚያ «ጢን» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን ድምፅ ነው፤ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲነካ የሚሰማ ዓይነት። አባዬ አልጮኸም፤ መዶሻውንም አልጣለም። ሰው የረሳውን ነገር ለማስታወስ ሲሞክር እንደሚቆመው ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ በእጁ ጀርባ ግራ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ትቢያ ነገር ገባብኝ።»

ምላጭ መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «አምጣው እስቲ» ብሎ ዓይኑን በጣቶቹ ገልጦ እፍ አለበት። ደግሞ እፍ አለበት። እኔም ተጠግቼ አየሁ። ነጩ ላይ፣ ከጥቁሩ አጠገብ፣ የቀይ እስክሪብቶ ጫፍ የነካችው የምትመስል ነጥብ ነበረች።

«አባዬ፣ ይሄ ትቢያ አይደለም። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ለትቢያ ሐኪም ቤት! ሰው ምን ይለኛል?»

ባለመኪናው መኪናውን እኛው ጋ ትቶ በታክሲ ወደ ስብሰባው ሄደ። አባዬ አንድ ዓይኑን እየጨፈነ ሲሠራ ዋለ። ብዙም አላመመውም። ጉዱ እሱ ነው! ቢያመው ኖሮ ይሄድ ነበር።

ቤት ስንገባ እማዬ ገና ከበር አየችው። «ዓይንህ ምን ሆነ?»

«ትቢያ ነው አልኩ እኮ!»

«ብረት ነው፣ እማዬ። ሲመታ ሰምቻለሁ። አሁኑኑ እንሂድ።»

«ይቺ ልጅ ከቁንጫ ዝሆን ታወጣለች» አለ አባዬ። ፊቱን ደጋግሞ በውሃ ረጨ። እማዬ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና «እስቲ ይደር» አለች። «ጠዋት ካልተሻለው ይሄዳል።»

ጠዋት ዓይኑ አብጦ ፍም መስሏል። ደህናውን በመዳፉ ከድኖ በታመመው ሊያየኝ ሞከረ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቤቱ ጭስ ጭስ አለ እንዴ?»

ጭስ አልነበረም። እሳት ገና አልተያያዘም ነበር።

የዓይን ሐኪሟ በመሣሪያዋ አጎንብሳ ብዙ ካየች በኋላ ቀና አለች። «መቼ ነው የገባበት?»

«ትናንት ጠዋት» አለች እማዬ።

«ታዲያ ትናንት ለምን አልመጣችሁም?»

እማዬ ጫማዋን አየች። አባዬ አንገቱን ደፋ።

«ታሽቷል፣ ተነፍቶበታል፣ ውሃ ተረጭቶበታል» አለች ሐኪሟ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ብረት የመታው ዓይን አይነካም። ሳትጫኑት በኩባያ ቢጤ ከለል አድርጋችሁ በዚያው ሰዓት ማምጣት ነበረባችሁ። አሁን ቁስሉ መርቅዟል።»

በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ያወጡለት ብረት ከጨው ቅንጣት አይበልጥም። «ብረቱን አውጥተነዋል» አለችን ሐኪሟ፣ «ብርሃኑን ግን ማትረፍ አልቻልንም።»

ያቺ መኪና ክሪክ ላይ እንደተሰቀለች ሰነበተች። አባዬ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ቤት ከተኛ በኋላ ባለቤቱ መጣ። «አባትሽስ?» አለኝ። ነገርኩት። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ግድ የለም፣ አልቸኩልም» አለ።

«ዛሬ ነው እንዴ የማይቸኩሉት?» አልኩት። በኋላ ቆጨኝ፤ ግን ብዙም አይደለም።

ጋራዡ ጋ ሄጄ ነካሹን ተዋስኩ። ባለጋራዡ አንድ ቃል ሳይናገር አወጣልኝ፤ ለመዋስ የፈራነው ይህንን ነበር። ብሎኗ ላይ ዘይት አፈሰስኩና ፀሐዩ ከግድግዳው ላይ እስኪነሣ ጠበቅሁ። ከዚያ መነጽሩን አጥልቄ ላስቲኩን አጠበቅሁ።

አንዱ የታክሲ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ «ጠላቂዋ! ዛሬ ደግሞ ተራው ያንቺ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ምላጭ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። «ዝጋ! ሂድ ከዚህ!» ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር። ሾፌሩ ደንግጦ ሄደ። ምላጭ ወደ እኔ ተሻገረ።

«ጋሼ፣ ራቅ በል» አልኩት። «መነጽር አላደረግክም።»

ወደ በሩ ተመለሰ።

ነካሹን ጭንቅላቷ ላይ አድርጌ በመዶሻ መታሁ። ደግሞ መታሁ። «ጢን!» ያው ድምፅ። አንድ ነገር ፊቴን እንደ ጣት ጫፍ ነካ አደረገኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ ቀጠልኩ። ነካሹ ሲይዝ ረጅሙን መፍቻ አስገብቼ በሁለት እጄ፣ ቀስ ብዬ፣ ሳልነቀንቅ ተጫንኩት። ብሎኗ እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለች። ከዚያ ተፈታች። ቀስ ብላ፣ በሰላም።

መነጽሩን አውልቄ ሳየው ግራው መስታወት ላይ ጭረት አለ። ቆሻሻ መስሎኝ ጣቴን በምራቅ አርሼ አሸሁት፤ አልለቀቀም። ምላጭም መጥቶ አየው። አሮጌ ጎማ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ማታ መላጫውን ይዞ ከእኔ ጋር ቤት መጣ። አባዬ በፋሻው ዙሪያ ፂሙ አድጎ ነበር። መነጽሩን ሰጠሁት፤ ጭረቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሲመላለስበት ቆየ።

«የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ነው።»

ምላጭ ሳሙናውን ይበጠብጣል፤ አረፋው ከሣህኑ እየፈሰሰም ይበጠብጣል። «እኔ ነኝ ያጠፋሁህ» አለ በመጨረሻ።

«መዶሻውን የያዝኩት እኔ» አለ አባዬ። «ስቀዪው ያልኳትም እኔ።»

«ያስሰቀለህ ግን የእኔ ሳቅ ነው።»

አባዬ «አይደለም» ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። እማዬም የጠበቀች ይመስለኛል። አባዬ ግን «አዎ» አለ። «እንግዲህ ላጨኝ። በግራ በኩል ቀስ በል፤ እጅህ አይታየኝም።»

ምላጭ ላጨው። እንባው ቢወርድም እጁ አልሳተም።

ዛሬ በሱቃችን ሚስማሩ ባዶ ነው፤ መነጽሩ ፊት ላይ ነው የሚውለው። ምላጭ አክስቴን ለምኖ ሌሎች አስመጥቶ ፀጉር ቤቱ በር ላይ አንጠልጥሏል። እኛ መዶሻ ስናነሣ ቆሞ ማየት የሚወድ ሥራ ፈት መቼም አይጠፋም፤ «ማየት የፈለገ ያድርግ፣ ያልፈለገ መንገዱን ይቀጥል!» እያለ ያድላል።

እናንተ ብሎን አትፈቱ ይሆናል። ግን በሞተር ብስክሌት ሲሄድ የራስ ቁር በሚደፋው ላይ፣ መኪና ውስጥ ቀበቶ በሚያስረው ላይ፣ ሲበይድ ፊቱን በሚከልለው ላይ ስቃችሁ አታውቁም? ሰው ራሱን ሲጠብቅ አይታችሁ ሳቅ ከመጣባችሁ ዋጡት። የምትጠብቁት ራሳችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ይሳቅባችሁ። የሳቀው ሰው ሲመሽ ቤቱ ይገባል፤ ዓይኑን ይዞ። «ይደር» የምትለዋንም ቃል ለሌላ ነገር አስቀምጧት፤ ዓይን አያድርም።

አክስቴ ለአባዬ አዲስ መነጽር ስታመጣ ለእኔም ላምጣልሽ ብላኝ ነበር። አልፈልግም፣ ጭረት ያለበት ይሻለኛል አልኳት። አባዬ በግራ በኩል ሲጠሩት መላ ሰውነቱን አዙሮ ነው የሚያየው፤ ስለዚህ እኔ በቀኙ ቆሜ እሠራለሁ። መነጽሬን አድርጌ ወደ እሱ ዞር ስል ጭረቷ ፊቱ ላይ ታርፋለች። በእሷ ውስጥ አየዋለሁ፤ ከዚያ መዶሻዬን አነሣለሁ።