«ማላ ነኝ» ብሎ የገባው የኢንተርኔት ሻጭ

አቶ ደገፉ የሰውን ወገን ሳይጠይቁ ጉዳይ አይጀምሩም። በወላይታ ጎሳው ሁሉ ከሁለት ወገን ነው፤ ማላ ወይም ዶጋላ። እሳቸው ማላ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተው፣ ሶዶ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ተቀምጠዋል። የቤታቸው ስልክና ኢንተርኔት ስንት ዘመን የአንድ ድርጅት ነው። ሌላ ድርጅት በግማሽ ዋጋ ልስጥ ሲላቸው «የማላውቀው ሰው ዕቃ ቤቴ አይገባም» ብለው ይመልሱታል።

ልጃቸው ሶልያና ግን ተቸግራለች። አዲስ አበባና ሐዋሳ ለተወለዱ የወላይታ ልጆች ወላይትኛ በኢንተርኔት ታስተምራለች፤ ከምታገኘው አብዛኛውን የኢንተርኔት ክፍያው ይበላዋል። የአዲሱ ድርጅት ሻጭ በሩን ሲያንኳኳ ሮጣ የከፈተችው ለዚህ ነው።

ሻጩ ቃለሕይወት ይባላል፤ አፈ ጮሌ የቦዲቲ ልጅ። ስለ ዋጋው፣ ስለ ፍጥነቱ ሲያስረዳ አቶ ደገፉ በትዕግሥት አዳመጡት። ሲጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ማላ ነህ ዶጋላ?»

ልጁ የሰውዬውን ወገን ከሰፈር ሰው ሰምቶ ነበር የገባው።

«ማላ ነኝ» አለ።

«ታዲያ ልጄ ነሃ!»

ወዲያው ፈረሙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽም የተቀቀለ ቦዬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረቡለት።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። ማላ ከማላ አይጋባም፤ እህትና ወንድም ነው። ቃለሕይወት ደንበኛውን ሲያጠምድ ልጅቷን ገና በቅጡ አላያትም ነበር። ያያት ራውተሩን መስኮቱ ላይ ሲያስቀምጥ ነው። ኬብሉን ስታቀብለው ቀና አለ፣ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፣ ያ ለፍላፊ ልጅ ኬብሉን የሚሰካበት ጠፋው።

ከዚያ ወዲያ ራውተሩ ጤና አጣ። ቃለሕይወት አንድ ቀን መጥቶ ፊቱ ወደ ዳሞታ ይዙር ይላል፣ ሌላ ቀን ጀርባውን ይስጥ ይላል። ዕቃው ምንም እንዳልሆነ ሶልያና ታውቃለች፤ ግን አትምጣ አላለችውም። ወደ ቤታቸው ስልክም ይደውላል።

«መስመሩ ይሰማል?»

«ይሰማል።»

«እንዲያው ላጣራ ብዬ ነው።»

«አጣራ።»

ከዚያ የሚጣራ ነገር አይኖርም። ስልኩን ግን ሁለቱም አይዘጉም።

ሶልያና ወደደችው፤ በመውደዷም አፈረች። ቤተ ክርስቲያን ተንበርክካ ይህን ነገር ከልቤ አውጣልኝ ብላ ለመነች። አልወጣም። አንድ ቀን ሲሰናበታት የገዛ ልቧን ለመቅጣት ብላ «ደህና ዋል፣ ወንድሜ» አለችው።

ቃለሕይወት እንደተመታ ሰው ቆመ።

«ወንድምሽ አይደለሁም። ዶጋላ ነኝ። የዚያን ቀን ሽያጩ እንዳያመልጠኝ ዋሽቼ ነው።»

ደስታው ከመሬት ሊያነሣት ምንም አልቀረው። ወዲያው ግን ንዴቱ ደረሰባት።

«የአባትህን ወገን ለአንድ ራውተር ሸጥከው?»

«ሸጥኩት። ግን ይስተካከላል። ሽማግሌ እልካለሁ፤ ጋሼ ተሳስተው ሰምተው ነው ይሉልኛል።»

«የአባቴ ጆሮ ደህና ነው። ለእኔ ያልከውን ለእሱ በለው።»

«ቢያባርሩኝስ?»

«ያባርርህ። እያፈርኩብህ ከማገባህ ኮርቼብህ ብቀር ይሻለኛል።»

እሁድ ከአምልኮ በኋላ መጣ። አቶ ደገፉ ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ማላ አይደለሁም። አባቴም አያቴም ዶጋላ ናቸው። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከጓዳ ብቅ ብለው እዚያው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ማን ተናገር አለህ?» አሉ አቶ ደገፉ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለች ሶልያና። «ወንድሜ ካልሆነ፣ አለመሆኑን አንተ እንድታውቅ ፈለግሁ።»

አባቷ እሷን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ ከዚያም መስኮቱን አዩ።

«ለካ ራውተሩ ጤነኛ ነበር» አሉ። «በል ንቀለው።»

ቃለሕይወት ነቀለው፤ ኬብሉን ጠቀለለ።

«ኧረ ደገፉ፣ ግማሽ ዋጋ እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ።

«ቤቴ የገባው በውሸት ነው፤ ይውጣ» አሉ አቶ ደገፉ፤ ወደ ልጁም ዞሩ። «በእውነት የሚገባ ከሆነ ሽማግሌዎችህ ይዘውት ይምጡ። ግን ገና ደጅ ላይ ሳሉ ዶጋላ ነን ይበሉኝ።»

ቃለሕይወት የሰማውን ለማመን ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ሶልያና ልትሸኘው ወጣች። ሌላ ጊዜ ከበሩ አታልፍም ነበር፤ ዛሬ ግን ራውተሩን ራሷ ይዛ እስከ አስፋልቱ አብራው ሄደች። የነገውን ትምህርት በምን እንደምታስተምር አታውቅም፣ ግድም አልሰጣት። መንገዱ ከአምልኮ በሚመለስ ሰው ተሞልቷል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አሳየሽ አዩአቸውና ቆሙ።

«ሶልዬ፣ ይሄ ደግሞ ማነው?»

ሶልያና አንገቷን ቀና አድርጋ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲሰማ ጮክ ብላ መለሰች።

«ቃለሕይወት ይባላል፣ የቦዲቲ ልጅ ነው። ዶጋላ ነው።»