ከበሩ ጀርባ የቀረው ጎማ

ጎማ ሠሪው የግቢውን በር ሲያንኳኳ በአንድ እጁ ክር፣ በሌላው ሜትር ይዟል። ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያደረ ውሸት አለ።

የከፈተችለት ፋርማሲስቷ ናት። ድሮ ከአፏ በፊት ዓይኗ ይስቅ ነበር፤ ዛሬ መሬት መሬት ታያለች።

«መጣህልኝ?» አለችው። «ከግጭቱ ወዲህ አባቴ የመኪናዬን ቁልፍ ወስዶብኛል። እስቲ እያትና ቁርጡን ንገረኝ፤ ጥፋተኛዋ መኪናዋ ናት ወይስ እኔ ነኝ?»

የተዋወቁት የፊት ቀኝ ጎማዋ ተቀዶ ሱቁ የመጣች ቀን ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር።

«አይድንም?» ብላ ጠየቀችው።

«ቢታመም ኖሮ መድኃኒቱ ከአንቺ አይጠፋም ነበር፣ እህቴ። ይኼ ግን ሞቷል።»

ከልቧ ሳቀች። እሱ ደግሞ «እህቴ» ያለበትን ምላሱን ነከሰ። የግራውም ጎማ ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። የፊት ጎማ በጥንድ እንደሚቀየር የሱቁ ዘበኛ እንኳ ያውቃል፤ ጥንዱም ከበሩ ጀርባ ቆሟል። ያ ሳቅ ግን በአንድ ቀን እንዲያልቅ አልፈለገም።

«ያለኝ አንድ ብቻ ነው» አላት። «የግራው በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። እስከዚያ ቀስ ብለሽ ከነዳሽ ምንም አይልሽም።»

በሳምንቱ መጣች። «አልደረሰም» አላት። ቁጭ ብለው ሲጫወቱ ረፈደ። በሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ። በሦስተኛው ዝናብ ጣለ፤ አባቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ስትወስድ ፍሬን ያዘች፤ ልሙጡ የግራ ጎማ ተንሸራተተና መኪናዋ ወደ ቀኝ ጎትታ ከግንብ ጋር አላተመቻቸው። የአባቷ ግንባር ተሰፋ።

አባቷ አሁን ደጃፉ ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው፣ ዓይናቸው ሲደክም መሪውን ለልጃቸው የለቀቁ ሰው ናቸው።

ጎማ ሠሪው ግቢው ሜዳ ላይ በቆመችው መኪና ጎን፣ ጎማዎቹ ተጣመው እንደሆነ ለመለየት፣ ክሩን ወጠረ።

«ጫፉን ያዢልኝ» አላት።

እሷ ከኋላ ያዘች፣ እሱ ከፊት ተንበርክኮ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ ለካ። በሌላውም ጎን ደገመው። 

«ልክ ነው» አለ ሳያስበው። «ግጭቱ አላጣመመውም።»

«አላልኩሽም?» አሉ አባቷ። «መኪናዋ ጤነኛ ናት። ቁልፉ እኔው ጋ ይቆይ፣ ልጄ። መንዳት ለሁሉ አልተሰጠም።»

ልጅቷ ክሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለች፤ ፈታች፤ እንደገና ጠቀለለች። «እሺ» አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «በከንቱ አደከምኩህ፤ ይቅርታ» አለችው።

ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ! ጆሮው ድረስ ጋለ። ዕቃውን ሰብስቦ ቢወጣ ማንም አይነቃበትም፤ እንዲያውም ታመሰግነዋለች።

«ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለ።

መርቶ ወሰዳቸውና እጃቸውን በቀኙ ጎማ ላይ አኖረ።

«አዲስ ነው» አሉ። በግራው ላይ ሲያኖረው አውራ ጣታቸው ሸርተት አለ። ፊታቸው ተለወጠ። «በዝናብ በዚህ? እንኳን እሷ እኔም አላስቆማትም! ማነው እንዲህ አድርጎ የሰደዳት?»

«እኔ ነኝ። ጥንዱ ሱቅ ውስጥ ነበር። የለም ያልኳት… ተመልሳ እንድትመጣ ብዬ ነው።»

«ለምን?»

«ላያት።»

አባቷ እጃቸውን ከጎማው ላይ አነሱ። «በሠላሳ ዓመት መንገድ ስንቱን ጉድ አይቻለሁ» አሉ፤ «ለሴት ብሎ ጎማ የደበቀ ግን አንተን አየሁ።» ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው የልጃቸውን እጅ ፈለጉ። «እንኪ። እኔም በድዬሻለሁ።»

እሷ ቁልፉን ጨበጠች፤ ዓይኗ ግን ከጎማ ሠሪው ላይ አልተነሳም።

«የአባቴን ግንባር አይተሃል?»

«አይቻለሁ።»

«ከዚያን ቀን ጀምሮ ይኼን እጄን ስጠላው ነበር።»

ሜትሩን ኪሱ ከተተ። 

«ጎማው የት አለ?» አለችው።

«ከበር ውጭ። ቸርኬ ላይ ገጥሜ አምጥቼዋለሁ።»

«ቀይረውና ሂድ።»

ቡሎኖቹን አላላ፣ በክሪክ አነሳ፣ ቀየረ፣ አጠበቀ። አንገቱን ሳያነሳ ወጣ። መንገድ ላይ ሳለ የመኪናዋ ሞተር ሲነሳ ሰማ፤ ዞሮ ለማየት ድፍረት አላገኘም።

በማግስቱ ከሱቁ በር ጀርባ ያለውን ጎማ ሁሉ አውጥቶ ፊት ለፊት ደረደረ። አንድ ጎማ ብቻ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ጥንዱን እንዲቀይር ይለምናል እንጂ አንዱን ብቻ አይሸጥለትም። ዘበኛው፣ «ሰውዬ፣ መነኮስክ እንዴ?» ይለዋል። እሱ አይስቅም።

ወር ሊሞላው ሲል፣ አንድ ጠዋት ያቺ መኪና ሱቁ ደጃፍ ቆመች። ሮጦ መጥቶ ጎማዎቹ ፊት ቁጢጥ አለ፤ እሷን ቀና ብሎ ማየት አልቻለማ።

«ወደ ጎን ትስባለች?» አላት።

«አትስብም።»

«አየር ጎደለ?»

«አልጎደለም።»

«ታዲያ ምን ተበላሽቶ መጣሽ?»

መልስ ሲዘገይበት ቀና አለ። ከውስጥ ተንጠራርታ የጎኗን በር ከፈተችለት።

«ምንም» አለችው። «ሰው ሳይበላሽበትም ይመጣል።»