ነዶ የሌለው ገመድ

የመምህር አርኖ ሬሳ የተገኘው ከመንደራችን በላይ፣ የወይን ማሳው ቁልቁለት ላይ፣ መንገዱን በዘጋው ገመድ ሥር ነው። ገመዱ ከኮርቻው ጥሎታል፤ ብስክሌቱ ብቻውን ከሱ አልፎ ወርዶ የማሳውን ግንብ ተደግፎ ቆሟል። መርማሪዋ ጉድሩን ኬስለር ስትደርስ ገዳዩ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። የወይን ጠባቂያችን ሽማግሌው ኩኒበርት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «የገደልኩት እኔ ነኝ» እያሉ ያለቅሳሉ።

ወይን ሲበስል የማሳው መንገድ ይዘጋል። ኩኒበርት ገመድ ይወጥሩና መሃሉ ላይ ትንሽ የገለባ ነዶ በቀይ ክር ያስራሉ። ነዶውን ከሩቅ ያየ ዞሮ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ይወርዳል። ገመዱ ራሱ ቀጭን ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። ነዶ ከሌለ መንገዱ ክፍት ነው፤ እኛ ዘንድ ይሄን የማያውቅ ሕፃን የለም። ያን ቀን ገመዱ ላይ ነዶ አልነበረም።

«ዛሬ ጠዋት አዲስ ገመድ ቀየርኩ» አሉ ኩኒበርት። «ነዶውን ያሰርኩት መስሎኝ ነበር። ከሌለ ግን ረስቼዋለሁ ማለት ነው። እርጅና ነው ልጄ። እሰሪኝ።»

«ያመነ ሰው እያለ ምን እንቆፍራለን?» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ፣ ካቴናውን እየነካካ።

«ቆይ እስቲ! በዚህ ጉልበታቸው የት እንዳይሸሹብህ ነው?» አለችው ጉድሩን።

ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። የለቃሚዎቹ ትራክተር ቀኑን ሙሉ ያስነሳው አቧራ አልብሶታል። ዙሪያውን ማሳ አስፈተሸች፤ ገመዱን አስፈትታም ይዛው ወረደች።

የሟቹ አብሮ አደግ ቮልከር በገዛ ግቢው ውስጥ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ወይን አምራች ነው። በየመከሩ እሱና አርኖ ከዚህ ግቢ ተነስተው፣ አራቱን የድሮ መንደሮች በብስክሌት ዞረው፣ እዚሁ ይመለሳሉ።

«ለምን ቀደሙት?» አለችው።

«ሰንሰለቱ ወለቀበት። ‹ጉሹን ወይን ይዘህ ሂድ፣ አንተ ኤሊ፣ ደርሼ አልፍሃለሁ› አለኝ።»

«ገመዱንስ እንዴት አለፉት?»

«ባለ ማሳ ነኝ። እኛ ጎንበስ ብለን በሥሩ እናልፋለን።»

«ነዶ ነበረው?»

«ልብ አላልኩም» አለ ጫማውን እያየ።

የአርኖ ሚስት ኢርምትራውት እዚያው ግቢ፣ ያልተቆረሰ የሽንኩርት ዳቦ ፊት ተቀምጣ ደረቷን ትመታለች። «‹ቶሎ ና፣ ይቀዘቅዛል› ብዬ የደወልኩለት እኔ! ያስቸኮልኩት እኔ!» ወይ ጉድ! ያን ቀን መንደሩ ውስጥ ራሱን ያልከሰሰ ሰው አልነበረም።

ጉድሩን ጠረጴዛው ላይ የቆመውን የጉሽ ወይን ጠርሙስ አየች። «ሙሉ ነው?»

«አዎ፣ ቮልከር ዘንድሮ ጠብታ ሳያፈስ አመጣው» አለች ኢርምትራውት እንባዋን እየጠረገች። «ሌላ ጊዜ ግማሹ ከቦርሳው እየፈሰሰ የሚያልቀው ጀርባው ላይ ነው። አርኖ ‹አንተ ሳትጠጣ ጀርባህ ሰከረ› ይለው ነበር።»

ጉድሩን ወዲያውኑ ኩኒበርትን አስጠራችና ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«አባባ፣ ገመዱ መሃል ላይ ምን ያያሉ?»

«ነጭ ነው» አሉ ኩኒበርት ዓይናቸውን አጥብበው። «ስንዝር የሚያህል።»

«ሌላው በአቧራ ቡናማ ሆኗል። ይሄን ቦታ ከአቧራው የሸፈነው ነገር ነበር፤ ገመዱ ደግሞ የዛሬ ጠዋት ነው። ነዶውን አስረዋል። አልረሱም።»

ሽማግሌው ነጩን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። «ታዲያ ማን ፈታው?»

«ነፋስ ቢሆን ማሳው ውስጥ እናገኘው ነበር፤ ፈልገን አጣን። ለቃሚዎቹ በመንገዱ ሲያልፍ ያዩት ሁለት ሰው ብቻ ነው። አርኖ ነዶውን ቢያይ ኖሮ ዞሮ ይወርድ ነበር። ስለዚህ የተፈታው እሱ ከመድረሱ በፊት ነው።» ወደ ቮልከር ዞረች። «ጉሽ ገና እየፈላ ስለሆነ ጠርሙሱ እንዳይፈነዳ ክዳኑ ላልቶ ይቀመጣል። ያንን ድንጋያማ ቁልቁለት ሳይፈስ ያወረዱት በምን ደግፈው ነው?»

ቮልከር ተነስቶ የጀርባ ቦርሳውን ራሱ አመጣና ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ገለባው ወደቀ፤ የኩኒበርት ቀይ ክር እንደታሰረበት ነው።

«ጀርባዬ መርጠብ ሲጀምር ነዶውን አየሁ። ጠርሙሱን ልደግፍበት፣ ከጓሮዬ ሌላ ነዶ ይዤ እመለሳለሁ፣ አርኖ ገና ሩቅ ነው ብዬ…» ፊቱን ሸፈነ። «ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁት!»

«ሳታስበው ነው እኮ!» ብላ ጮኸች ኢርምትራውት። «ለምን አልተናገርክም?»

«ልናገር ሮጬ ስመለስ አባባ ኩኒበርት ‹እኔ ነኝ› ይላሉ። ቀለለኝ። እግዜር ይቅር አይበለኝ፣ ቀለለኝ ኢርምትራውት!»

ኩኒበርት ይመቱታል ብለን ነበር። እሳቸው ግን የተበተነውን ገለባ አንድ በአንድ ለቅመው ነዶውን አጠበቁት።

«እኔስ ሽማግሌ ነኝ፤ ረሳ ብሎ ሰው ይምረኛል» አሉት። «አንተ ግን አልረሳህም ልጄ።»

ቮልከር ሁለት እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ። ኩኒበርት ገመዱን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ነዶውን ይዘው ወደ ማሳው ወጡ። መንገዱ እስካሁን ክፍት ነበር።