ከአንድ እጅ ብቻ የሚበላው ውሻ

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ሐሰት ከተገኘበት ሃይዌይ ሰባ ላይ፣ በበረዶ መሐል፣ መኪናዬ ቀጥ ትበል።

በ2007፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሻምበል ቀጸላ ስልክ ጮኸ።

«ሻምበል፣ ኮሎኔልን ገደሉት!»

«የትኛውን ኮሎኔል?»

«ውሻዬን ነዋ!»

ደዋዩ ብርሃነመስቀል ነበር፤ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል የአሜሪካ ሰፈር ነዋሪ፣ ታክሲ ነጂ፣ የሰበካ ጉባኤ አባል። ሻምበል ቀጸላ ደግሞ አገር ቤት ዕድሜያቸውን በወንጀል ምርመራ የፈጁ፣ እዚህ የኤርፖርት ሻትል የሚነዱ ሴት ናቸው። ለውሻ ሬሳ ተጠርተው አያውቁም። ቢሆንም መጡ።

ኮሎኔል ጋራዡ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። እግሩን ከሯጩ ግሬይሃውንድ፣ ግትርነቱን ከአዳኙ ቴሪየር የወረሰ፣ አሜሪካኖቹ ለርቸር የሚሉት የጥንቸል አዳኝ ድቅል ነበር። ሲሮጥ ጥላው ኋላ ቀርቶ በማግስቱ ይደርስበት ነበር፤ ያላየ አይከራከረኝ። ሻምበል ከንፈሩን ገለጥ አደረጉ፤ ድዱ እንደ ኖራ ነጥቷል። ከሥሩ የደረቀው ሽንቱ እንደ ከረመ ሻይ ቀልቶ ጠቁሯል።

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«ዘርአይን! ውሻው በኔ ውሻ ከተበለጠበት ቀን ጀምሮ ፊቱ አይፈታም። ዛሬማ ጠዋት ሬሳውን አግኝቼ፣ በቤተክርስቲያን ግቢ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ውሻዬን የመረዝከው አንተ ነህ› ብዬዋለሁ።»

«የልጅህን የክርስትና አባት?»

ብርሃነመስቀል መሬት መሬት አየ። «ልቤ ተቃጥሎ ነዋ፣ ሻምበል።»

«ምን ይበላ ነበር?»

«ሥጋ! ደረቅ የከረጢት ምግብ ለሰነፍ ውሻ ነው» አለ። ጆሮው ግን ጋለበት።

ሻምበል ሃቫና ስትሪት ሲደርሱ ዘርአይን ከባሕሩ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት መኪናውን ፓርክ አድርጎ ውስጧ ተቀምጦ አገኙት። አሥመራ ያደገ፣ በአማርኛ የተማረ፣ ድምፁ የማይሰማ ሽማግሌ ነው።

«ምነው አልገባህም?»

«በምን ዓይኔ፣ ሻምበል? ሰው ሰላምታ ነሳኝ። በዚህ ሽበቴ መራዥ ተባልኩ።»

«አልመረዝክማ?»

«በየት በኩል? ኮሎኔል ከጌታው እጅ በቀር አይበላም! ያሠለጠንነው አብረን ነው። የጥንቸል ቆዳ በገመድ እየጎተትን አስሮጥነው፤ የሰው ከብት እንዳያባርር፣ ‹ቁም› ሲባል እንዲቆም አስተማርነው። ከዚያ ብርሃነመስቀል የሰው እጅ እንዳይቀበል አደረገው። ባለፈው ሐሙስ አደን ወጥተን ጉበት ብሰጠው ፊቱን አዞረብኝ። ብርሃነመስቀል በኩራት ሊፈነዳ!»

«ጉበት? በሁዳዴ?»

«ታዲያ ውሻ መቼ ይጾማል!»

«ሐሙስ ዕለት ጤነኛ ነበር?»

ዘርአይ ራሱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ። «ጥንቸል እያየ ተቀመጠ። የግሬይሃውንድ ዘር ልቡ ስስ ነው፤ ከጮህክበት ያኮርፋል። የቴሪየር ደም ያለበት ግን ጥንቸል እያየ አይቀመጥም፤ ካልታመመ በቀር።»

ሻምበል ሥጋ ቤቱ ገቡ። ባሕሩ ቢላውን እየሳለ፣ «ብርሃነመስቀልን ከቅበላ ወዲህ ዓይኑን አላየሁትም» አለ። «ውሻውን የፈረንጅ ሱቅ አስለምዶት ይሆናላ!»

የብርሃነመስቀል ባለቤት ፀሐይነሽ ደግሞ ሻምበል ከበሩ ሳይገቡ ጀመረች። «እኔ ውሻ አልነካም፣ ቤተክርስቲያን እስማለሁ! ይልቅ ባሌን ይምከሩልኝ። ሰው በጾም ሆዱ ይጠባል፤ የሱ ይሰፋል። ድስት ሙሉ ምስር ሠርቼ በማግስቱ ባዶ ነው። ሽንኩርት በከረጢት እየገዛሁ ሞትኩ።»

ሻምበል «አይዞሽ» አሉና ወደ ውጭ ወጥተው ስልክ ደወሉ።

ሲመሽ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰቧቸው። ዘርአይ ከበሩ አልራቀም። ብርሃነመስቀል እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ።

«ቶሎ የሚገድል መርዝ አይደለም» አሉ ሻምበል። «ውሻው ሐሙስ ታሞ ነበር። ስለዚህ ቀን በቀን የበላው ነገር ነው። ድዱ መንጣቱ፣ ሽንቱ መቅላቱ ደሙ ውስጥ ለውስጥ መፍረሱን ያሳያል። ለእንስሳት ሐኪም ደውዬ ይህን ስነግረው ‹ሽንኩርት ይበላ ነበር?› አለኝ።»

«ሽንኩርት!» ባሕሩ ሳቀ። ማንም አልተከተለውም።

«ለውሻ መርዝ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። አሁን እናስተውል። ውሻው የሚበላው ከአንድ እጅ ብቻ ነው። የዚያ እጅ ባለቤት ከቅበላ ወዲህ ሥጋ አልገዛም። የቤቱ ምስር ደግሞ ያልቃል።»

ሻምበል ወደ ብርሃነመስቀል አላዩም። እሱን የከበደው ይኸው ነበር።

«ብርሃኔ» አለች ፀሐይነሽ በቀስታ፣ «የኔን ወጥ ለውሻ?»

«በሁዳዴ ሥጋ ተሸክሜ ከባሕሩ ቤት ልውጣ?» ድምፁ ተሰበረ። «ሰበካ ጉባኤው ምን ይለኛል? የፈረንጁ ሱቅ ሄድኩ። ካሸሯ ሀበሻ! ከኛው መዘምራን አንዷ! ሥጋውን ጥዬ ማስቲካ ገዝቼ ወጣሁ። እስከ ፋሲካ ቢጾምስ አልኩ። ደግሞ ይወደው ነበር... ጣቴን ይልስ ነበር።»

ለማንም ሳይናገር የኖረው ይህን ነው፤ ‹ሥጋ› ብሎ የዋሸውም ለዚህ ነው። ውሻው ሲደክም እንኳ ሐኪም ጋ አልወሰደውም፤ ‹ምን አበላኸው?› እንዳይባል።

«ሽንኩርቱን አላወቅህም» አሉ ሻምበል፤ «በዚያ አልወቅስህም። ዘርአይ ሊያበላው እንደማይችል ግን ታውቅ ነበር። ከሰው እጅ እንዳይበላ ያስተማርከው አንተ ነህ። እያወቅህ ስሙን በአደባባይ ጣልከው።»

ብርሃነመስቀል መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጠው ተመኘ፤ ሲሚንቶው ግን እሺ አላለም። እንደ አባቶቹ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊጠይቅ ዞር ዞር ቢል ጋራዡ ውስጥ ድንጋይ የለም። የታክሲውን መለዋወጫ ጎማ አንስቶ አንገቱ ላይ አደረገና በዘርአይ እግር ሥር ተንበረከከ።

«በሚቀጥለው እሑድ» አለ፣ «በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ ምስሩን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ማረኝ።»

ዘርአይ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ከአንገቱ አነሳለትና ትከሻውን ሳመው።

እንግዲህ ካልቀረ ልናገር፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር የፈጠርኩት አለ። ጎማው እውነት ነው። ዘርአይ አነሳለት፣ ሳመው ያልኩት ግን ከራሴ ነው፤ ለብርሃነመስቀል አዝኜለት ነው። ዘርአይ አየው፤ ከዚያ ወጥቶ መኪናውን አስነሳ። ጎማውን ያነሳችለት ሚስቱ ፀሐይነሽ ናት።