ጥዱ የለበሰው ባዘቶ

አቶ ዳምጠው አልጋቸው ላይ እንደተኙ ሞተው ተገኙ። ከሚሴ ላይ የእርዳታ እህል መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ወባ ከጣላቸው ሰንብቷልና ክፍሉን ጢስ ሲሞላው ተነሥተው የሚወጡበት አቅም አላገኙም። ጥግ ላይ የቆመው የገና ዛፍ ከወገቡ በላይ ከስሏል።

የቤት ሠራተኛቸው ረቢአ ደጃፉ ላይ ኩርምት ብላለች። አስከሬኑን ስታይ በዓይኗ የመጣባት ዛፉን ያለበሰችው ባዘቶ ብቻ ነው። ያ ረቢ፣ በገዛ እጄ ገደልኳቸው!

መፍራትስ ሲያንሳት ነው። ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው፤ «ፀረ አብዮት» የተባለ ሰው ከተወሰደ ወዴት ገባ ብሎ የሚጠይቅለት የለም። ሹም ቤት የገና ዛፍ መገኘቱ ራሱ ስለሚያስጠይቅ፣ የሟች ሚስት እትዬ ትርንጎ ዛፉን ያቆሙት መስኮቱን ዘግተው ነበር። ዛሬ ጧት ለበዓሉ ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱም፣ «አደራሽን ረቢአ፣ ባልዲው ውሃ እንዳይጎድልበት፤ ጥድ ከደረቀ ጭድ ነው። ሻማ የሚባል አጠገቡ እንዳይደርስ!» ብለዋት ወጡ። እሷም ለእስላም ቤት ልጅ ባዳ የሆነውን ያን ዛፍ እንደ ጥጃ ስታጠጣ ነው የከረመችው። ዛሬ ግን እትዬ ከወጡ በኋላ፣ ሊፈትሉት ያስቀመጡትን ባዘቶ አውጥታ ዛፉን አለበሰችውና ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ወረደች። ስትመለስ ቤቱ ይጨሳል።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ጀይላን የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ዓይኑ ግን አያርፍም። መጀመሪያ ባልዲውን አየ፤ ሙሉ ነው። ከታች ያልተቃጠለ ቅርንጫፍ ቀጥፎ በጣቱ ጨመቀው፤ እርጥብ ነው። አልጋው ሥር ተንበርክኮ አንዲት ትንሽ ነገር አነሣ፤ አሸተታትና ኪሱ ከተታት።

«ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ፣» አሉ ጎረቤቷ እማማ ሰዓዲያ። «ስደርስ አናቱ ከሰል ሆኗል። ጋቢዬን ውሃ ነክሬ አጠፋሁት። እኚህ ጓድ ከኔ ኋላ ነው የመጡ።»

ጓዱ የሟች ምክትል ፋንታሁን ነው።

«ጓድ፣ ከእሳቱ በፊት እዚህ ክፍል የገቡት መቼ ነው?» አለው ጀይላን።

«ሐሙስ ልጠይቀው መጥቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልገባሁም።»

«እርጥብ ጥድ እንዴት እንዲህ ሊከስል ቻለ?»

«ይኼ ምን ይጠየቃል! ይቺው ናታ! ያን ሁሉ ባዘቶ ጠምጥማ ሻማ ለኩሳበት ወጣች። የፀረ አብዮት ሥራ ነው። ለኔ ስጡኝ፣ እኔ አናግራታለሁ።»

ረቢአ ቀና አለች። ባዘቶውን ማን ነገረው? ተቃጥሎ አልቆ የለም እንዴ! ይህን ለመጠየቅ ግን መጀመሪያ የራሷን ማመን አለባት። ዝም ብትል ይወስዷታል፤ ብትናገርም በገዛ አፏ መጥፋቷ ነው።

ጀይላን ቀና ማለቷን አይቷል። አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ሂን ሶዳቲን፣» አላት በኦሮምኛ፣ «አትፍሪ እህቴ። የያዝሽውን አውጪው።»

«ባዘቶውን ያለበስኩት እኔ ነኝ፣» አለች። «ሻማ ግን አልነካሁም፣ ወላሂ!»

«አላልኳችሁም!» ብሎ ፋንታሁን ዘለለ።

ጀይላን ሁሉንም ግቢው ውስጥ አስቀመጣቸው። እትዬ ትርንጎም ከቤተ ክርስቲያን መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ጧት ሲወጡ ዛፉ ላይ ባዘቶ ነበረ?»

«ኧረ እኔስ ሙዳይ ውስጥ ነው የተውኩት!»

«እማማ ሰዓዲያ፣ እርስዎስ ሲገቡ አዩ?»

«ከሰል እንጂ የምን ባዘቶ!»

«እንግዲህ ስሙኝ፣» አለ ጀይላን። «ዛፉ ውሃ አልተጓደለበትም፤ ልጅቷ አደራዋን ጠብቃለች። ባዘቶም ብቻውን ቦግ ብሎ ይጠፋል እንጂ እርጥብ ጥድ አያከስልም።» ከኪሱ የተጨማደደች ባዘቶ አወጣ። «ይቺ አልጋው ሥር ወድቃ የተረፈች ናት። አሽትቷት፤ ላምባ ነው።»

«ላምባውንም ራሷ ናት ያፈሰሰችው!» አለ ፋንታሁን።

«ይሁን። ባዘቶውን ያየ ሰው ግን ያለበሰችው፣ የሞቱት ሰውዬ፣ እና እሳት የለኮሰው ብቻ ነው። እርስዎ ከሐሙስ ወዲህ ካልገቡ፣ ባዘቶውን የት አዩት?»

ፋንታሁን ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ነገሩን እኔ ልንገራችሁ፣» አሉ እትዬ ትርንጎ። «የረሃብተኛው ስንዴ ከነጆንያው ባቲ ገበያ ሲሸጥ ዳምጠው አይቷል። በዓሉ ይለፍ፣ ፋንታሁንን አጋልጠዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ ሐሙስ ሲመጣም ለራሱ ነግሮታል። እሱን ፈርቼ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።»

ፋንታሁን ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

ይዘውት ከሄዱ በኋላ እትዬ ትርንጎ ረቢአን ጠሯት። ልጅቷ እየፈራች ቀረበች።

«ባዘቶዬን ለምን ፈለግሽው?»

«ጋሼ ናቸው እትዬ። ትኩሳቱ አቃጠላቸው። ልጅ ሳለሁ አገሬ ላይ በረዶ ሲጥል ዛፉ ሁሉ ነጭ ይለብስ ነበር አሉኝ። እኔ ያን አይቼ አላውቅም፤ ባዘቶ ይመስላል ወይ አልኳቸው። እስቲ አልብሺውና ልየው አሉኝ።»

«አየው?»

«አዩት። በረደኝ፣ ጋቢዬን አምጪልኝ ብለው ሳቁ።»

እትዬ ትርንጎ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከመጡ ጀምሮ እምቢ ያላቸው እንባ አሁን ወረደ።

«ሳቀ?» አሉ።

«ሳቁ እትዬ። ወላሂ ሳቁ።»